ኦርጋኑ ዝም የሚልበት አንጓ

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከእርስዎ ጀምሮ ሱቅዎ ደጃፍ ላይ ተጋድሞ ደንበኛ እስከሚያስፈራራው ውሻ ድረስ ይድረስልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? አሁንም ለጥገና የመጣ ፍሪጅ ብቻዎን እየተሸከሙ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆቴን ልጻፍ ብል ወረቀቱ ስለማይበቃኝ ወደ ወሬው ልለፍ።

ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ የሚያሳየኝ የልብስ ማጠቢያውን ቤት ጣሪያና ከጣሪያው የሚወጣውን እንፋሎት ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ተኝታ ጥርሷን ከማፋጨቷ በቀር እንከን አይወጣላትም።

አባባ የሚፈልገውን ጀምሬያለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ኬሚስትሪ ነው። በነጩ ጋውን ራሴን በመስታወት ሳየው በአባባ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የቆምኩ መሰለኝ። እርስዎ የለመኑልኝንም ጀምሬያለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ነው። «ኬሚስትሪውን ትማር፣ ግን ጆሮዋ እንዳይዝግ ሙዚቃም ይጨመርላት» ብለው አባባን ያግባቡበት ቀን ትዝ ይለኛል። ሙዚቃውን ተምሬ ስመጣ መዘምራኑን ከእርስዎ እረከባለሁ ብዬ ቃል የገባሁትም ያን ቀን ነው፤ አልረሳሁትም።

የሙዚቃ አስተማሪያችን አጭር ሴትዮ ናቸው፤ ወንበር ላይ ቆመው ነው የሚያስተምሩት። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳችን የየቤታችንን መዘምራን ልማድ እንድንናገር ጠየቁን። እኔም እኛ ዘንድ እሁድ እሁድ በመዝጊያው መዝሙር፣ የመጨረሻው አንጓ ላይ ስንደርስ ኦርጋኑ ዝም እንደሚልና በድምፅ ብቻ እንደምንጨርስ ነገርኳቸው። «ለምን?» አሉኝ። «ደንባችን ነው» አልኩ። «ደንብማ ምክንያት አለው» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ፊቴ ጋለ።

ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው? ልጅ ሆኜ ጠይቄ አላውቅም። የማስታውሰው እማዬ ከመስኮቱ ሁለተኛዋ ሆና ስትቆም ነው፤ ኦርጋኑ ሲያቆም ትንፋሽ ስትስብ ትከሻዋ ከፍ ሲል ይታየኝ ነበር።

ከዚህ ምን ልላክልዎ?

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ

*

ኅዳር 9 ቀን

ለፌንጣዬ፣

ከቤንች ቤንች እየዘለልሽ ስታስቸግሪን ያወጣሁልሽን ስም ባሕር ማዶ ስለሄድሽ አልነጥቅሽም። እንዴት ነሽ? እግዚአብሔር ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርሽ፤ ምግብሽን ብዪ፣ ብርድ እንዳይመታሽ አንገትሽን ሸፍኚ። የእኔን ጤና ከጠየቅሽ፣ ጉልበቴ ሲቀር ሌላው ሰውነቴ ገና ዋስትናው አላለፈም።

ለአስተማሪሽ እንዲህ በያቸው፤ «የመጨረሻው አንጓ ጸሎት ነው፣ ጸሎት ደግሞ በአፍ እንጂ በእንጨት አይደረግም።» ይህ ደስ ካላላቸው ሌላ ምክንያት እፈልግላቸዋለሁ።

የእኛን ወሬ ልንገርሽ። ኦርጋን ስትጫወትልን የኖረችው የሒሳብ አስተማሪዋ ጣቶቿ እምቢ ስላሏት አቁማለች። በሷ ቦታ ባንክ ቤት የሚሠራ ወጣት አግኝተናል። ጎበዝ ነው፤ ጣቱ ገንዘብ ሲቆጥር የተፍታታ ነው መሰለኝ። ችግሩ አንድ ነው። «የመጨረሻውንም አንጓ ልጫወት፤ ለምን እጄን አጣጥፌ አዳምጣለሁ?» ይላል። ደንባችን ነው አልኩት። ያ «ደወል» የምንለው የጎሚስታው ባለቤት፣ ታውቂው የለ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ በዚያ ወፍራም ድምፁ «አንተ ልጅ፣ እጅህን ኪስህ ክተት» አለው። ልጁ ኩም አለ። «መርፌ» የምንላት ልብስ ሰፊዋ ግን አዘነችለት፤ እሷ መቼም ቀጭን ድምፅ ላለው ሁሉ ታዝናለች።

ልትልኪልኝ ከፈለግሽ ፊደሉና ኖታው ተለቅ ተለቅ ያለ የመዝሙር መጽሐፍ ላኪልኝ። ዓይኔ ከጉልበቴ ጋር እየተወዳደረ ነው። ከተረፈሽም ለኦርጋኑ ወናፍ የሚሆን ስስ ቆዳ እዚያ ይገኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ልምምድ ክፍሉ እንዳለ ነው። ያ የሚንሻፈፈው ወንበርሽም አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ ስለሚጥል።

አጎትሽ

*

ጥር 11 ቀን

ለምወድዎት አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? መጽሐፉን በፖስታ ልኬያለሁ። ቆዳው ግን ጠይቄ አላገኘሁም፤ ሻጩ ጫማ ልትሠሪ ነው ወይ አለኝ።

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ኬሚስትሪ ላይ ቲትሬሽን የሚባል ነገር ሠራን። አሲዱን ከረጅም የመስታወት ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ ወደ ፍላስኩ መጨመር ነው። ቀለሙ የሚለወጥበት አንዲት ጠብታ አለች። ከሷ በፊት ምንም የለም፤ ከሷ አልፈው አንዲት ቢጨምሩ ተበላሽቷል፣ ተመልሶ አይመጣም፤ እንደገና ከመጀመሪያው መሥራት ነው። ሌሎቹ ሲያልፋቸው እኔ ጠብታዋ ላይ ቆምኩ። የላቦራቶሪው ኃላፊ «እጅሽ ትዕግሥት አለው» አለኝ። ትዕግሥቱን ከእርስዎ ሱቅ ነው ያመጣሁት፤ ያንን ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ሲበይዱ እስትንፋሴን ይዤ አጠገብዎ ስቀመጥ።

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ። የኦርጋኑን ነገር ደረስኩበት።

በዚህ ሳምንት አስተማሪያችን መዘምራን ያለ መሣሪያ ሲዘምሩ ሳይታወቃቸው እንዴት ዝቅ እያሉ እንደሚሄዱ አስተማሩን። ጀምረው ሲጨርሱ ግማሽ ድምፅ ወርደው ይገኛሉ። እኔም መርፌ ስንዘምር የቀዳችውን የድሮ ካሴት ይዤ ነበርና ለክፍሉ አሰማሁ። በጆሮዬ ሰማሁት አጎቴ፤ ሦስተኛው አንጓ መጨረሻ ላይ መውረድ እንጀምራለን፣ የመጨረሻውን አንጓ ሙሉ በሙሉ ዝቅ ብለን ነው የምንጨርሰው። ኦርጋኑ ዝም የሚለው ለጸሎት ብሎ አይደለም። ቢጫወት ጉዳችን ስለሚወጣ ነው።

እንዳያፍሩ፤ ይህ የብዙ ሰው ችግር ነው፣ መድኃኒትም አለው። የትንፋሽና የጆሮ ልምምዶች በሁለት ገጽ ጽፌ አብሬ ልኬያለሁ። አንድ ቅጂ ለባንኩ ልጅ ልኬለታለሁ፤ እሱ በኦርጋኑ ያግዝዎታል። ጥቂት ቅዳሜ ከሠራችሁበት በመጨረሻው አንጓም ኦርጋኑ ይጫወታል። የእህትዎ ልጅ ከወዲሁ ሥራ ጀመረች ማለት ነው።

ፈጥነው ይጻፉልኝ።

ፌንጣዎ

*

ሚያዝያ 3 ቀን

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መጽሐፉም ደርሷል፤ ፊደሉ ጥሩ ነው። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

ሰው ሁሉ ደህና ነው። አባትሽ ሰላም ብሎሻል፤ መድኃኒት ቤቱን ቀለም አስቀብቶታል። ከእንግዲህ ምንም አትላኪልኝ፤ ያለኝ ይበቃኛል። ቆዳውንም ተዪው።

ኬሚስትሪሽን በርትተሽ ተማሪ። እጅሽ ትዕግሥት አለው ካሉሽ እሱ ላይ ብትቆዪ ይሻላል።

አጎትሽ

*

ሚያዝያ 27 ቀን

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን አንብቤ አጥፌ፣ መልሼ ዘርግቼ አነበብኩት። ውስጡ አንድም ቀልድ የለም። ከተወለድኩ ጀምሮ ከእርስዎ አፍ ያለ ቀልድ የሰማሁት ነገር ቢኖር የእማዬ ቀብር ቀን የተናገሩት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እንዳጠፋሁ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

የባንኩ ልጅ ጽፎልኛል። ልምምዱን በየቅዳሜው እየሠራችሁ ነው፣ ባለፈው እሁድ እሱ ኦርጋኑን እስከ መጨረሻው ተጫውቶ ከእናንተ ጋር እኩል ጨርሳችኋል፣ ሰው ከበር ውጭ ቆሞ አመስግኗችኋል። እርስዎ ግን ልምምዱ ሲጀመር ወደ ኋላ ሄደው ቁጭ ይላሉ አለኝ። «ምናልባት ጉልበታቸው ይሆናል» ይላል የዋሁ። ያሳፈርኩዎት በሰው ፊት ዝቅ ትላላችሁ ስላልኩ ነው? ወይስ ሳላማክርዎ ለልጁ ስለጻፍኩ?

ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የኬሚስትሪው ላቦራቶሪና የመዘምራኑ ሰዓት ይጋጫሉ። አንዱን መምረጥ አለብኝ፣ እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ። እኔ ሙዚቃውን ልጽፍ ነበር። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ እርስዎም ደክመዋል፣ ቦታዎን ለማን ይተዉታል ብዬ ነው። አሁን እርስዎ ራስዎ ኬሚስትሪ ላይ ቆዪ ይሉኛል። ከልብዎ ነው ወይስ ከኩርፊያ?

እባክዎ እውነቱን ይጻፉልኝ። ዘለፋም ቢሆን እቀበላለሁ፤ ዝምታዎን ነው የማልችለው።

የእህትዎ ልጅ

*

ግንቦት 19 ቀን

ለፌንጣዬ፣

ከኩርፊያ ነው የጻፍኩት። እሱን መጀመሪያ ላውጣውና ይቅለለኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ የማታውቂውን ነገር ማን ነግሮሽ? ያኮረፍኩት ጆሮሽ ትክክል ስለሆነ ነው። ዝቅ እንላለን። ግን ሳይታወቀን አይደለም።

እናትሽ የሆስፒታሉ ስልክ ማዞሪያ ላይ ስትሠራ የደወለላት ሁሉ በድምፅዋ ነው የሚያውቃት። በመዝጊያው መዝሙር ደግሞ የመጨረሻው አንጓ ላይ ከሁላችን በላይ የምትወጣው ድምፅ የሷ ነበረች። ሌላ ማንም አይነካትም፤ መርፌ እንኳን በዚያን ጊዜ ከሥር ነበረች። ከዚያ ሳንባዋ ታመመና ቀዶ ጥገና ሆነ። አንቺ ያኔ ገና አንደኛ ደረጃ ነበርሽ። ተሽሏት የተመለሰች ቅዳሜ ልምምድ ላይ እዚያ ቦታ ስንደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። ሳቅ አለችና «ጉሮሮዬ ደርቆ ነው» አለች። ውኃ ሰጠናት። ደገምነው፣ ያው ነው። እኔ ያን ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ምን ልበላት? ያንን ቦታ ለመርፌ ልስጠው? ከሷ ቀምቼ?

በነጋታው እሁድ፣ ሦስተኛው አንጓ ሊያልቅ ሲል ደወል ቀስ ብሎ ወረደ። ሰምቼዋለሁ። ወፍራሙ ድምፅ ሲወርድ ቤቱ ሁሉ ይወርዳል፤ አንድ በአንድ ተከተሉት። የሒሳብ አስተማሪዋ ኦርጋኑ ላይ ነበረች። ኦርጋን ደግሞ መከተል አይችልም፤ ጆሮዋ እንደሰማ እጇን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። እናትሽ ትንፋሿን ስባ ወጣች፤ ደረሰችበት። ደረሰችበት ልጄ። ከዚያ ስንወጣ ማንም ማንንም አላየም። ደወልን ለይስሙላ «ምን ሆነህ ነው የወረድከው?» ብዬ ተቆጣሁት። «ድክም ብሎኝ» አለኝ። በሚቀጥለው እሁድም ደከመው። ከዚያ ሁላችንም ደከመን። ሰው ሲጠይቅ እኔ ያንን የጸሎትና የእንጨት ወሬ ፈጠርኩ፤ ደንብ ሆነ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ዘመርን። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም፤ ደወልና እኔ ስንት ቅዳሜ አብረን ስንቀመጥ እንኳን። እሷ ከሄደች በኋላ ደግሞ ወደ ላይ ማን ይመልሰው? መጀመሪያ ከፍ የሚል ሰው እሷን የረሳ ይመስላል። ስለዚህ እንደወረድን ቀረን። አዲስ የገቡትም መዝሙሩ እንዲህ ነው ብለው ተማሩት።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ልምምዱን እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ደወል ሁለቱን ገጽ ተቀብሎ አገላበጠና «የሷ ልጅ ከላከችው ማን እምቢ ይላል?» አለ። መርፌም ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። አንቺ ስለሆንሽ ነው የተማሩት። አሁን ቀጥ ብለን እንጨርሳለን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለጆሮ ያምራል። እዚያ አንጓ ላይ ስደርስ ግን እጄ የሚመራው ሰው ያጣ ይመስለኛል። ወደ ኋላ የምሄደውም ለዚህ ነው፤ ጉልበቴ የለበትም።

አሁን መወሰን ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ ልጇ ነሽ። ይቁም ካልሽኝ አቆመዋለሁ፤ የባንኩ ልጅ እጁን ኪሱ ይከታል፣ እኛም እንደ ድሮው እንወርዳለን። ይቀጥል ካልሽም ይቀጥላል፤ ምክንያቱን አልጠይቅሽም። አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ።

ስለ ትምህርትሽ ደግሞ፣ ለኔ ብለሽ እንዳትመርጪ። ብትመጪልኝ ደስታዬ ነው፤ አልዋሽሽም። ግን ስለ ቲትሬሽን የጻፍሽው ደብዳቤ ስለ ሙዚቃ ከጻፍሻቸው ሁሉ ይረዝማል። እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ብሆንም ሞተሩ የሚሠራውን በድምፁ አውቃለሁ።

አጎትሽ

*

ሰኔ 8 ቀን

ለምወድዎት፣ ለማከብርዎት፣ ለናፈቁኝ አጎቴ፣

ሰላም ይሁንልዎ። ደብዳቤዎን የተቀበልኩት ላቦራቶሪ ልገባ ስል ነው። ጋውኔን እንደለበስኩ መተላለፊያው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የላቦራቶሪው ኃላፊ መጥቶ ሰው ሞቶብሽ ነው ወይ አለኝ። አዎ፣ ግን ድሮ ነው አልኩት። ወንበር አመጣልኝ፤ ደግ ሰው ነው።

አሁን እኔ ደግሞ ልንገርዎ። ደብዳቤዎን ባላነብ ኖሮ ዕድሜ ልኬን የማይገባኝ ነገር ነበር።

እማዬ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልምምድ ከመሄዷ በፊት ልብስ ትተኩስ ነበር። ስትተኩስ ያንን የመጨረሻ አንጓ ታንጎራጉራለች። አንድ ቀን እኔም ልዘምርላት ብዬ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኑ ከሚጀምርበት ድምፅ ጀመርኩላት። ካውያውን አቁማ «ከዚያ አይደለም፣ ዝቅ አድርገሽ ጀምሪው» አለችኝ። «ኦርጋኑ ግን ከዚህ ነው የሚጀምረው» ብዬ ተሟገትኩ። ሳቀች። «አዎ፣ እዚያ ድረስ ግን እኔ አልችልም። ሲጨርሱ እነሱ ናቸው ወደ እኔ የሚመጡት» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ «የማላውቅ ይመስላቸዋል። ማወቄን ለአጎትሽም ለደወልም እንዳትነግሪ፤ ደስታቸውን ትወስጂባቸዋለሽ» አለችኝ። እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም። እሺ አልኩ፣ ሸሚዙን አጠፈች፣ ረሳሁት።

ታውቅ ነበር አጎቴ። ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ ሳታውቅ አትቀርም፤ ያን የመሰለ ጆሮ ይዛ እንዴት ታጣዋለች? እናንተ ለሷ ብላችሁ ዝም አላችሁ፣ እሷ ለእናንተ ብላ ዝም አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዳችሁ አንዳችሁን እንዲህ ይዛችሁ ቆማችሁ። ይህን ለደወል ይንገሩልኝ። አሁን ቢነገረው እማዬ የምታዝን አይመስለኝም።

ስለዚህ የጠየቁኝን ልመልስ። የባንኩ ልጅ ይጫወት። እጁን ከኪሱ ያውጣ። እሷ ለራሷ ስትል እንድትወርዱ ለምናችሁ አታውቅም፤ ወርዳችሁ ስትመጡላት ግን ደስ አላት፣ ያንን ደግሞ ማንም ኦርጋን አይወስደውም። እርስዎም ከኋላ ወንበር ተነስተው ወደ ፊት ይመለሱ። እጅዎ የሚመራው ሰው ያጣ አይምሰልዎ፤ ደወልም መርፌም እዚያው አሉ፣ የሚያዩት እርስዎን ነው።

እኔ ኬሚስትሪን ጽፌያለሁ። ልቤ እዚያ ነው፤ ገና ከጅምሩ እዚያ ነበር፣ እርስዎ ከእኔ ቀድመው ሰሙት። ቃሌን በማጠፌ ይቀየሙኝ ይሆናል። ከተቀየሙኝ በቀልድ ይሁን።

ነሐሴ ላይ ለዕረፍት እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ከእሁዱ ፕሮግራም ውጭ አንድ ቅዳሜ፣ የድሮዎቹ ብቻ ሆናችሁ፣ ኦርጋኑ ተከድኖ፣ ያንን መዝሙር አንድ ጊዜ አብራችሁኝ ዘምሩ። ለመምራት አይደለም የምመጣው። ከመስኮቱ ሁለተኛ ሆኜ እማዬ ቦታ ላይ ልቆም ነው።

ቀድሜ ልንገርዎ ግን፤ እዚያች ከፍ ያለች ድምፅ ላይ እኔም አልደርስም።

የእህትዎ ልጅ